ማንም አልነገረኝም

«ስንት ብርጭቆ?» ብሎ ሳቀ የቡዋሊ አባት። «ለመሆኑ ይቺ ነርስ በዚህ መንደር በብርጭቆ የሚጠጣ ሰው አይታለች?»

ቡዋሊ መልሱን ለሲስተሯ ወደ ላኦኛ መለሰችው። ሳቁን ተወችው። ሲስተር ቫናሊ ከከተማ ይዛው የመጣችው የመጠጥ መጠይቅ የራሳቸው ቋንቋ ላላቸው የክሙ ብሔረሰብ ሰዎች ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር፣ ሁለቱ ቤት ለቤት ሲዞሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከመንደሩ ልጆች ላኦኛ አቀላጥፋ የምትናገረው የዘጠነኛ ክፍሏ ቡዋሊ ስለሆነች አስተርጓሚ ሆናለች። የራሳቸው ቤት ተራ እስኪደርስ ድረስ ሥራው ደስ ብሏት ነበር።

«እኛ የምንለካው በቀንድ ነው» አለች ለሲስተሯ። «የሩዝ ጠላው ጋን ላይ አንድ ቀንድ ሙሉ ውሃ ይጨመራል። ጠጪው ያን ያህል በመቃ ስቦ ሳያጎድል አይነሳም።»

«ጎበዝ! በቀንድ ጠይቂልኛ!»

«አራት፤ እንግዳ ካለ ስድስት» አለ አባቷ ደረቱን ነፍቶ። «እንግዳ ተቀምጦ መቃ የሚለቅ ወንድ አለ እንዴ?»

እንግዳ እቤታቸው ድርሽ ካለ ወራት አልፈዋል። አባቷ ጋኑ ሥር ብቻውን ነው የሚውለው። ቡዋሊ ግን ያለውን እንዳለ ጻፈች፤ ሲስተሯ ገና በመጀመሪያው ቀን «ቃል እንዳትጨምሪ፣ ቃል እንዳትቀንሺ» ብላታለች።

«በመጠጥህ ሰበብ የተጎዳ ሰው አለ?»

አባቷ ወደ ግቢው አየ። ታናሽ ወንድሟ ካምሎ በአንድ እጁ ኳስ ያነጥራል። ሌላው ክንዱ፣ በመከር ወቅት አባቱ አዝሎት ከቤቱ መሰላል ከወደቀ ወዲህ እንደተጣመመ ቀርቷል።

«መሰላሉ ረጥቦ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ይህንንም ጻፈች። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷል።

«መጠጥህ አሳስቦት፣ ቀንስ ያለህ ዘመድ አለ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

ሲስተር ቫናሊ በረጅሙ ተነፈሰች። «ሠላሳ ቤት ገባን፣ ሠላሳውም ‹ማንም› አለ። ይሄን ጥያቄ ብንሰርዘው ይሻላል።»

ቡዋሊን የከፋት አባቷ አለመዋሸቱ ነው። በመንደራቸው ታላቅን «ይብቃህ» የሚል የለም። እናቷ ሲብስባት ድስት ታንኳኳለች እንጂ አትናገርም። አጎቷ ዝም ብሎ ከቤታቸው እግሩን ሰበሰበ። እሷም ጎተራ ውስጥ ተደብቃ አልቅሳለች። ታዲያ ማን ነገረው?

ቢቆጣስ? በእንግዳ ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ዳግመኛ ባያናግራትስ?

«አትሰርዢው፣ ሲስተር። ትንሽ ታገሺኝ።»

ብዕሩን አስቀምጣ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ይሄ ከወረቀቱ አይደለም፤ ከእኔ ነው። በጣም እየጠጣህ ነው። ካምሎን በያዝከው ቁጥር እፈራለሁ። እባክህ ቀንስ።»

የአባቷ ፊት ጠቆረ። እሷም አንገቷን አልደፋችም።

«አሁን» አለችው ብዕሩን መልሳ አንስታ፣ «የመጨረሻውን እንደገና ልጠይቅህ።»