የማያርፈው ክብ

እህቴ እግሯ አርፎ አያውቅም። ስትበላም ታንቀጠቅጠዋለች፣ ስትሥልም ታንቀጠቅጠዋለች። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትላታለች።

ከአቶ ቀስ በሉ ጋር ያገናኛትም ይኸው እግሯ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከጓደኞቹ ጋር የኳንተም ኮምፒውተር፣ ማለት በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች የሚያሰላ ኮምፒውተር፣ የሚሠራ ድርጅት ከፍቷል። እህቴ ደግሞ ለድርጅቶች አርማና ቀለም ትሠራለች፤ ሰው ገና ሲያያቸው እንዲያውቃቸው። የመጀመሪያው ቀን እኔም ተለጥፌባት ሄድኩ። ከመስታወት ግድግዳ ማዶ ያ ኮምፒውተር የሚሉት ማሽን እንደ ትልቅ በርሜል ተንጠልጥሏል። እህቴ ቁጭ ከማለቷ እሱ ከውስጥ እየሮጠ ወጣ።

«ቀስ በሉ እንጂ! ማነው ወለሉን የሚያንቀጠቅጠው? ልኬቱ ተበላሸ እኮ!»

እሱም እኔም እግሯን አየነው። እግሯ ቆመ፣ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እሱ መቆጣቱን ረስቶ ያያት ጀመር። አየ፣ አየ፣ አልበቃውም። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ በኋላ አርማ ትወስዳለች፣ እሱ ይመልሳል።

«ያምራል፤ ግን ተቀምጧል።»

«አርማ ሊሮጥ ነው እንዴ?»

«የእኛ ቅንጣት እኮ እስክትለካ ድረስ እዚህ ናት፣ እዚያ ናት አትባልም። አትጨበጥም።»

‘ስለ እህቴ ነው የሚያወራው’ አልኩ በሆዴ።

እሷ ቤት መጥታ ኮምፒውተሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ትከፍታለች።

«ይንቀኛል!»

«የሚንቅ ሰው ሻይሽ ቀዘቀዘ ብሎ ሌላ ያመጣል?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ምላሰኛ!»

ጓደኞቹ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። እስከ ዓርብ ካልሆነ ሥራው ለሌላ ይሰጣል አሉ። ሐሙስ ዕለት በንዴት እርሳስ አንሥታ ክብ ሣለች። እግሯ ጠረጴዛውን ሲነቀንቀው እጇ ሸሸና ሌላ ክብ ተደረበበት፤ አንዱ ከሌላው ሾልኮ ሊወጣ የደረሰ። ልትቀደው ስትል ወረቀቱን መነተፍኳት።

ዓርብ ያንኑ ወረቀት ወሰድንለት። አዟዙሮ አየው።

«ይኸው! ይሄ ነው!»

ሁሉም አጨበጨቡ። እህቴ ግን ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ? ወደዱልሽ እኮ!»

«አለቀ እኮ። ከእንግዲህ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ከዚያ ወዲያ እግሯ ጸጥ አለ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እማዬ እንኳ ግንባሯን እየነካካች «ልጄን አሟታል» አለች።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኳ ጮኸ፤ አቶ ቀስ በሉ ነው። «አርማው በሩ ላይ ተጣሞ ተለጥፏል። መጥተው ቢያዩልን?»

ጫማዋን በቅጡ ሳታስር በረረች፤ እኔም ከኋላዋ። በሩ ላይ ሁለቱ ክቦች በሰማያዊ ተለጥፈዋል። አንገቷን ወደ ቀኝ አዘመመች፣ ወደ ግራ አዘመመች።

«ቀጥ ብሏል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

እህቴ የተፈታውን የጫማዋን ክር አየች።

«እና... ምን ላስተካክል?»

«ምንም። ቁጭ በይ ብዬ ነው።» እርስዎ ማለቱን የት እንደጣለው እንጃ።

«ማሽኑስ? እግሬን ያውቁታል።»

«ልኬቱን ለዛሬ አቁሜዋለሁ። እንዳሻሽ አንቀጥቅጪው።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩ። የእህቴ እግር ጸጥ ብሏል።

ወለሉን የሚያንቀጠቅጠው የእሱ ነበር።