የታችኛው መሳቢያ

ወይዘሮ ወለተ ሐና አዲሱ ቁምሳጥን ፊት በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ጊዜው የዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት፣ ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነበር። አናታቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ አጠገባቸው የአናጢ መዶሻ ወድቋል። ከዚህ ሌላ በክፍሉ ውስጥ አንድም የተዛነፈ ነገር የለም። ወንበሩ በቦታው ነው፤ ሦስቱም መሳቢያዎች ግጥም ብለው ተዘግተዋል። ሳጅን ደብሬን ከደሙ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነበር። ሰው ተገድሎበት እንዲህ ከተስተካከለ፣ ቤቱን ከገዳዩ በቀር ያስተካከለው የለም።

ደብሬ የዞኑ ፖሊስ መርማሪ ናት። አጭር ናት፤ ስትሄድም መሬት መሬት ታያለች። ወንዶቹ ባልደረቦቿ «መርፌ የጠፋባት» ይሏታል። መርፌውን ሁልጊዜ የምታገኘው እሷ ናት፤ እነሱ ግን ሲቀመጡበት ነው የሚያውቁት።

እሷ ገና በጉልበቷ ሳትንበረከክ የሰቆጣ ከተማ ፈርዳ ጨርሳ ነበር። ገዳይዋ ምራቲቱ ማንጠግቦሽ ናት ተባለ። ምክንያቱም የታወቀ ነው። አዲሱ ቤት ከተገባበት ቀን አንሥቶ አማትና ምራት የሚጣሉት በዚሁ ቁምሳጥን ነበር፤ መደርደሪያውና መሳቢያው ወረቀት ይነጠፍበት ወይስ አይነጠፍበት። አማቲቱ ይነጠፍ ይላሉ፤ ምራቲቱ አይነጠፍም ትላለች። ጠቡ አጥር ዘልሎ መንደር ይሰማዋል። ሰኞ ማታ ማንጠግቦሽ ያለችውን ሦስት ጎረቤቶች ቃል በቃል ደገሙት፤ «ይህ ቁምሳጥን የሚነጠፈው ከዚህ ቤት ሬሳ ሲወጣ ነው።»

ደብሬ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበች። የላይኛው ባዶ እንጨት ነው። መካከለኛውም ባዶ እንጨት ነው። የታችኛው ጋዜጣ ተነጥፎበታል።

ማንጠግቦሽ የስድስት ወር ልጇን ታቅፋ ጣቢያ ገባች። አለቃዋ ለደብሬ ቁርጡን ነገራት፤ ዓርብ ጠዋት ምራቲቱ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፣ ሕፃኑም ከእቅፏ ይወሰዳል። ባሏ ጌታሁን የወልድያ አውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ የእናቱን መርዶ የሰማው መንገድ ላይ ነው። ሲደርስ እናቱን ይቅበር ወይስ ለሚስቱ ይሟገት ጠፍቶት፣ የጣቢያው በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«እንደዚያ ብለሻል?» አለች ደብሬ።

«ብያለሁ። አፌ ነው። አፌን እሰሩት፤ እጄ ንጹሕ ነው።»

ማንጠፉን ለምን እንደጠላችው ስትጠየቅ ማንጠግቦሽ ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረችና ተረከች። ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ማዳሟ በየሳምንቱ መሳቢያውን ሁሉ አበባ ያለበት ላስቲክ ታስነጥፋት ነበር፤ በየሳምንቱም ከላስቲኩ ሥር በረሮ የምትጠርገው እሷ ነበረች። የራሴ ቤት ሲኖረኝ እንጨቱን ራቁቱን አየዋለሁ ብላ ምላለች። አማቷ ደግሞ ያልተነጠፈበት መሳቢያ ያልተገነዘ ሬሳ ይመስላል እያሉ ሌሊት ሁሉ በእናታቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ያጉረመርሙ ነበር። በመጨረሻ ጌታሁን ማክሰኞ ንጋት ላይ ከመሄዱ በፊት አስታረቃቸው፤ ሁለቱ መሳቢያዎች የሚስቱ፣ የታችኛው የእናቱ እንዲሆን። እሷ እህል ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ስትሄድ ወይዘሮዋ የዱቄት ሙጫ እያማሰሉ ነበር። ስትመለስ ያየችውን አየች።

ቃሏ ተጽፎ ሲያልቅ ደብሬ ብዕር ሰጠቻት። ማንጠግቦሽ ብዕሩን ትታ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ፊደል እንደማታውቅ ስትናገር ካሳለፈችው ሁሉ ይልቅ ያ ያሳፈራት ይመስል ነበር።

አናጢው ተስፋው ስለ መዶሻው ሲጠየቅ ላብ አጠመቀው። መዶሻው የእሱ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት የታችኛው መሳቢያ አልሳብ ብሎ ሊያስተካክል መጥቶ ረስቶት ሄደ። ቫርኒሽ የሚጠርግበትን፣ በኪሎ የገዛውን አሮጌ ጋዜጣም እዚያው ጥግ ትቷል።

«ስትወጣ ወይዘሮዋ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ያነጥፋሉ። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደው በሙጫ ይለጥፋሉ። ‹እማማ፣ ጋዜጣ አለ አይደል› ብላቸው፣ ‹ፊደል አላውቅም፤ ምን እንደተጻፈበት ባላወቅሁት ላይ ማንኪያ አላስቀምጥም› አሉኝ።»

ደብሬ ተመልሳ መሳቢያውን ወደ ብርሃን አወጣችው። በአራቱም ማዕዘን፣ ከጋዜጣው ሥር፣ ጥፍር የሚያህል ቡናማ ወረቀት ከደረቀ ሙጫ ጋር ተጣብቋል። ጋዜጣው ግን ሙጫ አልነካውም፤ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ግርጌው ላይ ደግሞ ሁለት ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች። አይጥ የበላት አይደለችም፤ አራቱም ጎኗ በምላጭ የተቆረጠ ነው። ደብሬ የአናጢውን ክምር አገላበጠች። ከዚያው ዕትም ሌሎች ሦስት ቅጂዎች አገኘች። አንዱን ከቀዳዳው ጎን ዘርግታ የጎደለውን አነበበች።

የሟቿ የእንጀራ ልጅ፣ ለጌታሁንም በአባት ወንድሙ የሆነው ፋንታሁን፣ ቢሮው ውስጥ ተገኘ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተቀባ። ረቡዕ ጾም መሆኑን እያወቀ በወተት የተቀላቀለ ሻይ ይጠጣል።

«ሳጅን፣ እኔ ያን ቤት ከምረቃው ወዲህ አልረገጥኩትም» አላት። «ሁለት ሴቶች በወረቀት ሲጣሉ ምን ልሠራ? አንዷ በረሮ ትፈራለች፣ አንዷ ሰይጣን ትፈራለች።»

«እርስዎስ ምን ይፈራሉ?»

«የወር መጨረሻን» ብሎ ሳቀ። ቀሳውስት ዘንድ መድረስ ካቆመ ሠላሳ ዓመቱ እንደሆነም ሳይጠየቅ ጨመረ።

የሟቿ የነፍስ አባት አባ ገብረ ጻድቅ ማክሰኞን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበሩ፤ መቶ ሰው ይመሰክራል። ዓይናቸውም ሞራ ለብሶ ከሰው ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። ስለ ማንጠግቦሽ ስትጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ፋንታሁን ስትጠይቃቸው ግን ፊታቸው በራ። ደሃና ወረዳ ሳለ ዘጠኝ ዓመት ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ተምሯል። ዳዊቱን እንደ ውኃ ነበር የሚያንቆረቁረው። አባቱ ወለተ ሐናን ሲያገባ ግን ትምህርቱን ጥሎ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ያደገው በወይዘሮዋ ቤት ነው።

«አባቱ ሲሞቱ ኑዛዜ ትተው ነበር?»

«ትተዋል። የሰቆጣውን ቦታ ለጌታሁን ብለው። ከምስክሮቹ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ወረቀቱን ላነበው አልችልም።»

ደብሬ አንድ ነገር በጆሯቸው ነገረቻቸው። አባ መስቀላቸውን በመዳፋቸው አገላበጡ።

«አድርጊው» አሉ። «ንስሐውን አብረን እንገባለን።»

ሐሙስ የሣልስት ቀን ነበር። ጠዋት ያልታሰበ ካፊያ ጥሎ ግቢው ጨቅይቷል። ደብሬ ጭቃው አዲሱን ወለል እንዳያበላሽ ብላ በሩ ላይ ሦስት ገጽ ጋዜጣ በተርታ ዘረጋች። አባ ገብረ ጻድቅ ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል። ጌታሁን ረግጦ ገባ። ተስፋው ረግጦ ገባ። ማንጠግቦሽ ልጇን አዝላ፣ ፖሊስ ከኋላዋ ሆኖ፣ በነጠላ ጫማዋ ረግጣ ገባች፤ ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባት።

ፋንታሁን መጨረሻ መጣ። እግሩን አነሣ፤ ያነሣው እግር አየር ላይ ቀረ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ወርዶ ተተከለ። ከዚያ እንዳዳለጠው ሰው ጎንበስ አለ፤ አንደኛውን ገጽ አነሣ፣ ሁለተኛውን አነሣ፣ ሦስተኛውንም አነሣ። ሦስቱንም አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተና በባዶው ሲሚንቶ ላይ ጭቃውን እየጎተተ ገባ።

ደብሬ በሩን ዘጋችው።

«አሁን ልንገራችሁ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሴቶቹ ለመስማት ማልቀስ አቆሙ። «ወይዘሮ ወለተ ሐና ይነጠፍ ያሉት ለማማር አይደለም። ዕድሜያቸውን ሁሉ የሚሸሽጉትን ከንጣፍ ሥር ነው የሚሸሽጉት። ምራታቸው አይነጠፍም ስትል መደበቂያቸውን ነበር የምትነሣቸው፤ እሷ ግን አታውቅም። ማክሰኞ ጠዋት የሲሚንቶ ከረጢት ለጠፉ፤ ከሥሩ የባላቸውን ኑዛዜ አስቀመጡ። አንድ ሰው ይህን ልማዳቸውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ቤቱ ጭር ሲል መጣ፣ የተለጠፈውን ቀደደ፣ ወረቀቱን አወጣ። ወይዘሮዋ ከጓዳ ሲመጡ አዩት። መዶሻው እዚያው ነበር።»

ጌታሁን ተነሣ። ተስፋው ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ገዳዩ ብልህ ነው። የተቀደደ ንጣፍ ያየ ሰው ከሥሩ ምን ነበር ብሎ ይጠይቃል። ሙሉ ንጣፍ ያየ ግን የአማትና የምራት ጠብ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከአናጢው ክምር ጋዜጣ አንሥቶ አነጠፈ። ተስፋው ገድሎ ቢሆን ንጣፉ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር ብሎ አይነግረኝም ነበር፤ የነገረኝ እሱ ነው። አባ በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ጌታሁን መንገድ ላይ ነበር። ማንጠግቦሽ ቀረች።»

ሴቶቹ ተነቃነቁ።

«ነገር ግን ያ ጋዜጣ ከግርጌው አንዲት ቁራጭ ጎድሎታል። ከመነጠፉ በፊት በምላጭ ተቆርጣ ወጥታለች። ሥዕል አይደለችም። ከእግር ኳስ ወሬ ሥር ባለች የምስጋና ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ‹ስብሐት ለእግዚአብሔር› ትላለች። ይህቺን ሴት ጣቷን አስነክሬ ነው ያስፈረምኳት፤ ፊደል አታውቅም። ያላየችውን አትቆርጥም። ዛሬ በሩ ላይ የዘረጋኋቸው ሦስት ገጾችም ያቺው ቃል ያለችባቸው ናቸው፤ እሷ ረግጣቸው ገባች። ተስፋው ያነብባል፤ እሱም ረግጦ ገባ፤ ዓይኑ ተራ ሰው የሚያየውን ነው የሚያየው። የአምላክን ስም ከገጽ መካከል ሳይፈልጋት የሚያገኛት፣ ካገኛትም በኋላ ማንኪያ ሊያስቀምጥባት የማይችል፣ ዘጠኝ ዓመት ፊደል ያጠናው ዓይን ነው። አፉ ወተት ይጠጣል፤ እጁ ግን ገና ከአባ እግር ሥር ነው።»

ፋንታሁን ለመሳቅ ሞከረ። «ወረቀት አነሣሁ ብለሽ? ጣቢያችሁ በዚህ ነው ሰው የሚያስረው?»

«በዚህ አይደለም። ኑዛዜ ከላይ በምን ይጀመራል፣ አባ?»

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ ሽማግሌው ወደ ድምፅዋ ዞረው።

«ይህን ወረቀት ያቃጠለ ሰው ቦታውን ከወንድሙ እኩል ይካፈላል። እሱ ግን አላቃጠለውም። ያቺን መስመር ጥሎ መሄድ ያልቻለ እጅ ይህን እሳት ውስጥ ሊጥል አይችልም። የሚጥልበት ቦታ የለውም፤ ከእሱ ጋር ነው ያለው። ኮትህን አውልቅ፣ ፋንታሁን።»

ደብሬ «አንተ» ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ኮቱን አላወለቀም። እጁን ከሸሚዙ ሥር፣ ከደረቱ ጋር ከተጣበቀ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከተተና አንድ አራት እጥፍ የሆነ ወረቀት አወጣ። ከእጥፋቱ መካከል ሁለት ጣት የምታህል የጋዜጣ ቁራጭ ወለሉ ላይ ልትወድቅ ስትል አየር ላይ ቀለባት።

«ወረቀቱን ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለ ወደ ማንም ሳያይ። «ስሜን ጠሩ። ‹ልጄ› አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።»

ጌታሁን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አባ ገብረ ጻድቅ ተነሥተው እየዳሰሱ ወደ ተማሪያቸው ሄዱ፤ ግን አልባረኩትም፣ አልረገሙትምም፤ እጃቸው ትከሻው አጠገብ ደርሳ ቆመች።

ካቴናው ሲገባለት ፋንታሁን ወደ ደብሬ ዘንበል አለ። «የት ታስቀምጪዋለሽ?»

«ዶሴ ውስጥ።»

«ከላይ አድርጊው። ምንም አትደርቢበት።»

ደብሬ ወረቀቱን እንደተጠየቀችው በሁለት እጇ ይዛ ወጣች፤ ፖሊሱም ፋንታሁንን ይዞ ተከተላት። ማንጠግቦሽን የሚጠብቃት አልነበረም። ፊታቸውን ካዞሩባት ሴቶች አንዷ መደቡ ላይ ሸርተት ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ማንጠግቦሽ አየቻት፤ አልተቀመጠችም። አንቀልባዋን ፈትታ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አዞረችውና ቆማ አጠባችው።