አያ ደምሌን ወደ ጉድጓድ ያወረድኩ ለታ

«አያ ደምሌን ውኃ ወሰዳቸው!» የሚለው ጩኸት ከአጥሩ ማዶ ሲሰማ፣ እኔ አያ ደምሌን በጣቴ ይዣቸው ነበር። እንዲህ ስላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ፣ የሌላ ሰው ወሬ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፤ አሰላ ሳድግ ሰፈርተኛው ስለ ቡዳውም ስለ ዛሩም ሲያወራ እናቴ «በስመ አብ በይና እለፊው» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉም በስመ አብ እያልኩ አልፌዋለሁ። ይችኛዋን ግን ማለፍ አቃተኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ወረታ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ከአሰላ እዚህ ድረስ ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፣ ስለዚህ ያን ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አገሬ አልሄድኩም፣ ፍልሰታን እዚሁ ልጹም ብዬ ተከራይቼ ከምኖርበት ግቢ ቀረሁ። የግቢው ባለቤቶች አያ ደምሌና ሚስታቸው እትየ ብርቄ ናቸው፣ ሜዳው ላይ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው የወጡላቸው ሰዎች። አያ ደምሌ አንድ ቀን ክፍሌ የገባን እባብ በጫማቸው ረግጠው ገደሉልኝና፣ «ጧት ሲገባ አይቼው ነበር፣ ባዮሎጂ ናት፣ ታጥናው ብየ ተውሁት እንጅ» ብለው የሳቁብኝ ሰው ናቸው፤ እንደሳቸው ደፋር ሰው እዚህ አገር አላየሁም።

ጨዋታውን የሰጠኝ ዮናስ ነው፣ የሒሳብ መምህር፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እሱም እንደኔ ክረምቱን እዚሁ የቀረ፣ ነጠላዬን ባየ ቁጥር «እማሆይ» እያለ የሚያበሽቀኝ። ዝናቡ አላስወጣ ብሎን መምህራን ክፍል ተቀምጠን ሳለ፣

«እማሆይ፣ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ልታዪ ነው? ላፕቶፕሽን አምጪና ጨዋታ ልጫንልሽ» አለኝ።

«ተኩስና ራቁት ያለበት ነገር አላይም።»

«ሥዕል እንኳ የለውም! ፊደል ብቻ ነው። ኢሜይል ላይ መሀል የምትገባዋ ጭራዋ የዞረች ምልክት አንቺ ነሽ፣ ነጥቡ ወለል ነው፣ ሞገድ የመሰለው ውኃ ነው፣ ውኃ ውስጥ ከገባሽ ትሰጥሚያለሽ፣ የቀሩት ፊደላት አውሬዎች ናቸው። ወደ ጉድጓድ ትወርጃለሽ፣ ከሱ በታች ሌላ ጉድጓድ አለ፣ ከዚያም በታች ሌላ። እንደ አዲስ በጀመርሽ ቁጥር መንገዱ ይለዋወጣል፣ ሸምድዶ የሚወጣው የለም። ከሞትሽ ደግሞ ሞትሽ ነው፣ መመለስ የለም።»

«አንድ ሕይወት ብቻ?»

«አንድ።»

«እንግዲያው ክርስቲያን ነው» አልኩት፣ ተሳሳቅን፣ በዚያች ሳቅ ነው የገባሁበት።

«ደሞ አትቸኩዪ» አለኝ ፍላሹን እየነቀለ፣ «አንቺ ካልተራመድሽ ማንም አይራመድም። አንበሳ አፉን ከፍቶ ፊትሽ ቢቆም፣ ሄደሽ አስቀድሰሽ ብትመለሺ፣ አፉን እንደከፈተ ይጠብቅሻል።»

መጀመሪያ ምኑም አልገባኝም ነበር። የተዘጋ በር በመስቀል ምልክት ነው የሚታየው፣ እኔም መስቀል ባየሁ ቁጥር ልቤ ደስ እያለው ወደዚያ እሮጣለሁ፣ ከበሩ ኋላ የሚበላኝ ነገር ቆሞ ይጠብቀኛል። አንዴም በረኃብ ሞትኩ፤ የገደሉትን አውሬ ሥጋ መብላት ይቻላል፣ እኔ ግን በፍልሰታ እንዴት አድርጌ ብዬ እምቢ አልኩ፣ ዮናስ ሲሰማ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም፣ «ፊደል አስጾምሽ? ፊደል!» እያለ። ይሁንና ለመድኩት፣ ውሎ አድሮ ወደድኩት፣ ቀስ በቀስም በሰርክ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ወደሚሰማበት ጉባኤ መሄድ ትቼ ዝናቡን ማመካኘት ጀመርኩ፣ ልብ በሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከግቢያችን ቅርብ ነው።

ታዲያ ጨዋታው ሲጀምር ሁልጊዜ «ማን ነህ?» ብሎ ስም ይጠይቃል። የራሴን ስም ጽፌ አላውቅም፤ እንኳን የክርስትና ስሜን የዓለሙንም ቢሆን ከአጋንንትና ከሙታን ጋር ጉድጓድ ማውረድ ከበደኝ፣ አላምንም እያልኩ ከበደኝ። ስለዚህ እንዲሁ የማይረባ ፊደል እደረድርለት ነበር። ያን ቀን ግን ቶሎ ቶሎ መሞቱ ሰልችቶኝ፣ የበረታ ሰው ስም ልስጠው አልኩና «አያ ደምሌ» ብዬ ጻፍኩ። የራሴን ስም ሰስቼ የሰው ስም አሳልፌ ሰጠሁ፣ ሳላስፈቅድ፣ ያውም እየሳቅሁ።

አያ ደምሌ ያን ዕለት ከቅዳሴ መልስ ሜዳው ወደሚያልቅበት ሐይቅ ዳር ወርደው ነበር። ሌሎቹ ከብቶች ሜዳው ሳይጥለቀለቅ ከፍ ወዳለው ስፍራ ወጥተዋል፣ አንዲት አራስ ላም ግን ከነጥጃዋ እዚያው ከዘመድ ቀርታለች።

«ዛሬስ ሰማዩ ደግ አይደለም፣ ነገ ብትሄድ ምን ነበር?» አሉ እትየ ብርቄ።

«ሰማዩ ለነገ ማሃላ ገብቶልሽ ኑሯል?» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። እኔን በመስኮት አይተው፣ «መምህርት፣ እንገር ታመጣልሻለች፣ ጾሙ እስኪፈታ ትቆይሽ» አሉኝና ሳቁ።

አመሻሽ ላይ ከላይ ከተራራው የዘነበው ሁሉ ወረደ መሰለኝ፣ መብራት ጠፋ፣ እኔ ግን ላፕቶፔ ባትሪ ስለነበረው አልተነሣሁም። እስከዚያ ደርሼበት ወደማላውቀው ጥልቀት ወርጄ ነበር፤ ክፍል የለው፣ በር የለው፣ ግራና ቀኙ የሞገድ ምልክት ብቻ፣ መሀሉ ላይ ቀጭን የነጥብ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ያቺ ጭራዋ የዞረች ምልክት። ከታች በእንግሊዝኛ «የሚፈስ ውኃ ድምፅ ትሰማለህ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እኔም ሰማሁ። የጣራው አሸንዳ ነው አልኩ። አንድ እርምጃ ተጫንኩ፣ ደጅ የታሰረው ውሻ አንድ ጊዜ ጮኸ። ደገምኩ፣ ደገመ። እጄን ሰበሰብኩና ብዙ ቆየሁ፣ ውሻውም ዝም። ተጫንኩ፣ ጮኸ። አጋጣሚ ነው ብዬ፣ እመኑኝ፣ ፈገግ አልኩ። ጩኸቱ ከአጥር ማዶ የተሰማው ያኔ ነው።

ስወጣ እትየ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነዋል፣ የጎረቤት ሴቶች ከበዋቸዋል፣ ወንዶቹ ባትሪ ይዘው ወደ ሜዳው ወርደዋል፣ ታንኳ ያለውም ታንኳውን ይዟል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጥቷል። ከሜዳው የተመለሰ አንድ ጎረቤት ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣

«አልወሰደውም፣ አትጩኹ! አይተነዋል» አለ። «በሁለት ማሳ መሀል ድንበሩ ላይ ቁሟል፣ ግራ ቀኙ ውኃ ነው። ጠራነው፣ ሰማ፣ እጁን አነሣ። አይራመድም እንጅ!»

«ምን ሁኖ ነው የማይራመድ?» አሉ እትየ ብርቄ።

«እኔ ምኑን አውቃለሁ፣ እንደ ተተከለ ችካል ቁሟል።»

ነጠላዬን ላምጣ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ፣ ነጠላዬ ግን ትከሻዬ ላይ ነበር።

ስክሪኑ እንደተውኩት ነው፣ ምልክቷ መስመሩ ላይ ቆማለች። ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ አንቺ ካልተራመድሽ ማንም አይራመድም፣ ስለዚህ አትንኪ፣ ይቁሙ፣ ሰዎቹ እስኪደርሱ ይቁሙ። እጄን ከፍ አድርጌ እያየሁ ሳለ አንድ ሞገድ አንድ ነጥብ ዋጠ። ምንም አልተጫንኩም። ቀጥሎ ሌላ ነጥብ። በኋላ ዮናስን ስጠይቀው «እማሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጨዋታው ውስጥ የለም» ብሎኛል። ያን ጊዜ ግን የምጠይቀው ሰው አልነበረም፣ በስመ አብ ብዬ ተጫንኩ። አንድ እርምጃ፣ ውሻው ጮኸ፣ ሞገዱ ቆመ። ሌላ እርምጃ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ወደ ቀኝ ራቅ ብሎ ሰፊ የነጥብ መሬት ታየኝ፣ ደረቅ መሬት፣ ጥቂት ብቻ ነበር የቀረኝ።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለንስሐ አባቴም ስልክ አንሥቼ ስንቴ መልሼ አስቀመጥኩ። በግራ በኩል፣ ውኃው ውስጥ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ምልክት በራ። ፊደል አይደለም፣ ቁጥርም አይደለም። ምን ይሆን አልኩ። ደጅ ሴቶቹ «እግዚኦ» እያሉ ነበር፣ እሰማቸዋለሁ፣ እኔ ግን ለአንዲት ቅጽበት ሰውየውን ከነስማቸው ረሳኋቸውና ያ ነገር ምን እንደሆነ ብቻ ማወቅ አማረኝ። የግራውን ቀስት ተጫንኩ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ባትሪው አልቆ ነው መሰለኝ። ውሻው አልጮኸም።

ዘወር ስል እትየ ብርቄ የእጅ ባትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንች ልጅ፣ በጨለማ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጸለይኩ ነው» አልኳቸው።

መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ፣ ፊታቸው እርጥብ ነበር፣ «ጸልይለት የኔ ልጅ፣ አንችን ይሰማሽ ይሆናል» አሉና ወጡ። እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ፣ ጸሎት ልጀምር ብል አፌ እምቢ አለኝ።

አያ ደምሌን ሌሊቱ ሳይገፋ በታንኳ አመጧቸው፣ በሕይወት። ትንፋሻቸው ሲመለስ እሳት ዳር ተቀምጠው ያሉትን ሁላችንም ሰምተናል። «እግሬ እምቢ አለኝ፣ ፈርቼ አይደለም፣ የኔ አልመስል አለኝ። ኋላ አንድ እርምጃ ሄደልኝ፣ ቆመ። ደግሞ አንድ ሄደ፣ ቆመ። እግሬ በተነሣ ቁጥር ውኃው ይቆማል፣ የፈሰሰ ውኃ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደረቁ መሬት ታየኝ፣ ደረስሁ አልሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፣ የነቃሁት ታንኳ ላይ ነው።»

«የመምህርት ጸሎት ነው!» አሉ እትየ ብርቄ በሰው ሁሉ ፊት። «በጨለማ ብቻዋን ቁማ ስትጸልይ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

አያ ደምሌ እጄን ይዘው ሳሙት። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው እጄን ሳሙት፣ የግራውን ቀስት የተጫንኩበትን እጄን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ በመንገድ ሲያገኘኝ አቁሞኝ የታመመ ልጁን ስም ይነግረኛል፣ «አስቢልኝ» እያለ፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ እሺ ባልኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

መብራት ሲመጣ ላፕቶፑን ከፍቼው ነበር። ጨዋታው የሞተውንም፣ ገና ጉድጓድ ውስጥ ያለውንም በየስሙ መዝግቦ ያሳያል፤ አያ ደምሌ ከሞቱት ውስጥ የሉም፣ ካልሞቱትም ውስጥ የሉም። እንደ አዲስ «ማን ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዘጋሁት፣ ዮናስ መጥቶ አጠፋልኝ፣ ምን ሆነሽ ነው ቢለኝ ጾም ነው አልኩት።

አያ ደምሌ ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ላሟም ከነጥጃዋ ተርፋለች። ግን አንድ ነገር ይዟቸዋል። በር ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው፣ ሰው «ይግቡ እንጅ» እስኪላቸው። እትየ ብርቄ ብርድ መትቶት ነው ይላሉ። ትናንት ማታ ከበረት ሲመለሱ ግቢው መሀል ቆመው አየኋቸው፣ ሰው አጠገባቸው አልነበረም፣ ፊታቸውን ወደኔ መስኮት መልሰው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። መጋረጃውን ዘጋሁና ከውስጥ ሆኜ በቀስታ «ይግቡ» አልኩ። እንኳን እሳቸው ሊሰሙኝ ለራሴም በቅጡ አልሰማኝም። የቤታቸው በር ሲከፈት ሰማሁ።

እናንተ ያን ምሽት በታንኳ የሄዳችሁ ሰዎች፣ ይኼን ራሳችሁ ባታነቡት እንኳ ልጆቻችሁ ያነቡላችኋል። አንዳንዶቻችሁን በወሬ በወሬ ነካክቻችሁ «እግዜር አወጣው» ብላችሁኝ እርስ በርስ ስትተያዩ አይቻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ፤ አያ ደምሌን ስትደርሱባቸው ፊታቸው ወደ ደረቁ መሬት ነበር ወይስ ወደ ጥልቁ? ያገኛችኋቸውስ ውኃው ውስጥ ነበር ወይስ ከውኃው በላይ? ለኔ ብላችሁ አታሳምሩት፣ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ። መጠየቄን ግን ለእትየ ብርቄ አትንገሯቸው።