ቀለም ሦስት ጊዜ ይታያል

«አትቸኩዪ፤ እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው» አለ አባቷ፣ ብሩሹን ከእጇ እየተቀበለ።

የካርቶን ቁራጩ ላይ የተቀባው ፈዛዛ አረንጓዴ ገና ያብረቀርቃል። ልጅቷ ዛሬውኑ አዲሱ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ልታየው ቸኩላለች። አባቷ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። የራሱ ሳሎን ግን በሦስት ዓይነት ነጭ የተለቀለቀ ነው፤ «ለራሳችን ስንደርስ» እያለ ነው ዓመታቱ ያለፉት።

«እሺ መቼ ነው የምንቀባው?»

«ቀለም ሦስት ጊዜ ይታያል። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ለጥፊና ነገ ሦስቴ ገብተሽ እዪው። ከዚያ ‹ይሁን› ካልሽኝ እንቀባለን። ለደንበኞቼም የምለው ይኼንኑ ነው፣ ኢንጂነር።»

«ኢንጂነር» የሚላት የክፍሉን ፕላን አሥራ አንድ ጊዜ ስለሳለችለት ነው። አልጋው እዚህ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው እዚያ፣ መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ። ክፍሉ እስካለፈው ሳምንት ድረስ መሰላልና ባዶ ቆርቆሮ የሚቀመጥበት ጓዳ ነበር። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ካለፈች የእሷ እንደሚሆን ቃል ተገብቶላታል፤ አለፈችም። ስድስት ዓመት ሙሉ ክፍል የተጋራችው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጥሩንባ» ይለዋል፤ ተኝቶ እንኳ ያወራል። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አጥንታ ማለፏን አባቷ እንደ ተአምር ነው የሚያወራው።

በማግስቱ ጠዋት ስታየው ቀለሙ ወደ ግራጫ አደላባት። ቅር አላት። «ቆይ፣ ቀትር ይድረስ» ብላ ወጣች።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩን ስትከፍት እናቷ ወለሉ ላይ ተኝታለች።

እናቷ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ማለዳ ከሆስፒታል ትመጣለች፣ ትንሽ ትቀማምሳለች፣ መንገድ ዳር ያለው መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ከመንገዱ ማዶ የብረት በር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ልክ እሷ ጋደም ስትል ብረት መቁረጥ ይጀምራሉ። «ተኛሽ?» ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ «ደህና አድርጌ» ነው፤ ይህን የምትለው ግን ዓይኗ በርበሬ መስሎ ነው።

አሁን አባቷ ወለሉን ከቀለም የሚከላከልበት አሮጌ ሸራ ላይ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጉልበቷን አጥፋ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ልጅቷ እናቷን እንዲህ ተኝታ አይታት አታውቅም። የብረቱ ጩኸት እዚህ ሲደርስ የዝንብ ያህል ነው።

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጥሩንባ ኳሱን እያነጠረ መጣ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቀለም እየጠበቅኩ።»

«ቀለም ይሄዳል እንዴ?»

«ድምፅህን ቀንስ፤ አለዚያ ኳስህን በምላጭ ነው የምተለትልልህ።»

ጥሩንባ ኳሱን አቅፎ ሄደ። እናቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛች። ስትነሳ ልጅቷን በሩ ላይ አየቻትና አፈረች። «ቀለሙን ልይ ብዬ ገብቼ እንቅልፍ ጣለኝ መሰለኝ» አለች፣ ቀሚሷን እያራገፈች። «ያምራል የኔ ልጅ። ዓይን ያሳርፋል።»

አመሻሽ ላይ ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ገባች። ግራጫነቱ ጠፍቶ ቀለሙ ልክ እንደምትፈልገው ሆኗል። ካርቶኑን ነቅላ «ይሁን» ልትል ስትወጣ፣ ከጎን ካለው ወጥ ቤት የወላጆቿ ድምፅ ተሰማት።

«ትናንት ሌሊት የአንዱን በሽተኛ መርፌ ለሌላው ልወጋ ነበር» አለች እናቷ። «ጓደኛዬ ደርሳ ነው እጄን የያዘችኝ።»

አባቷ «ጓዳውን ላንቺ ብናደርገውስ?» አለ።

«ምን ሲደረግ። ቃል ገብተንላታል፤ ልጅቷም የድርሻዋን አድርጋለች። ትንፍሽ እንዳትልባት።»

ልጅቷ ካርቶኑን እንደያዘች ቆመች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። ባልሰማች ይሻላት ነበር። ቢጠይቋት ታኮርፍ ነበር፣ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ግን የሚጠይቃት የለም፤ ነገሩ እሷው ላይ ወደቀ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ማለፍ ትችላለች፤ ማንም አያውቅባትም። ከዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ክንዱን የሚዘረጋ፣ የማታውቀው በሽተኛ ታያት። እጇን የሚይዝላት ሰው ያጣች እናቷም ታየቻት።

ለአባቷ «ይሁን» ብቻ አለችው። ሁለት ቀን ቀቡ።

ግድግዳው ሲደርቅ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር መጋረጃ ልትገዛ ወጣች። ጓደኛዋን ቅጥነቷን አይተው «ቀጮ» ነው የሚሏት። ነጋዴው ስሱን ነጭ ጨርቅ ዘረጋላቸው። የመንገዱ ብርሃን ወለል ብሎ አለፈበት።

«አለቀ፣ እሱ ነው» አለች ቀጮ። «ፎቶ ላይ ቀውጢ ነው የሚወጣው።»

ልጅቷ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆየች። ትወደዋለች። ትምህርት ሲከፈት ቀን ቀን ቤት እንደማትውል አሰበች፤ ይኼ ቀላሉ ነው። ቀሪው የእረፍት ጊዜና ቅዳሜና እሁድ ግን አለ፤ ያኔ ከጥሩንባ ጋር መዋሏ ነው። እሱ ከበዳት።

«ጋሼ፣ ብርሃን የማያሳልፍ አለዎት?»

ነጋዴው ከላይኛው መደርደሪያ ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ አወረደና መዳፉን ከጨርቁ ጀርባ አድርጎ አሳያት። ምንም አይታይም። «ይኼ ቀትሩን ሌሊት ነው የሚያደርገው። ግን ላንቺ ክፍል ከሆነ ይጨልምብሻል።»

«ዋሻ ልታደርጊው ነው እንዴ?» አለች ቀጮ።

«እኔ ማታ ነው የምተኛበት። ማታ ሁሉም መጋረጃ አንድ ነው።»

«ቀንስ?»

«ቀን እናቴ ትተኛበታለች።»

ቀጮ ነጩን ጨርቅ አየች፣ እሷን አየች። «እሺ የምትልሽ ይመስልሻል?»

ልጅቷ ነጩን ጨርቅ አጣጥፋ ወደ ነጋዴው ገፋችው። ነጋዴው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መቀሱን አነሳ። «አንድ ጊዜ ከተቆረጠ አይመለስም። ኋላ ‹እናቴ መልሺ አለችኝ› ብትዪ አልቀበልሽም።»

«እኔም እንዳይመለስ ነው የምፈልገው» አለች። «ከመስኮቱ በየጎኑ አንድ አንድ ስንዝር ይትረፍ፣ ጋሼ። ብርሃን እንዳይገባባት።»