ከአቧራ የዳነችው ሸክላ

አንድ ሰው የገና መዝሙር ሸክላ ስለሰበሰበ ይሞታል ብትባሉ ታምናላችሁ? ሰፈሩ ኤግያ፣ አባባ፣ የሚላቸው ኤሲልፊ የሞቱት በዚሁ ነው። ጡረተኛው የጋናዋ ሴኮንዲ ከተማ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ፣ አራት መቶ ሸክላ በተደረደረበት ክፍላቸው ወለል ላይ፣ ጭንቅላታቸው በጠረጴዛ ማዕዘን ተፈንክቶ ተገኙ። ለገና አምስት ቀን ቀርቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ኤኩዋ ባይዱ ስትደርስ የሰፈሩ ፖሊሶች ሥራቸውን ጨርሰዋል። የሟቹን የእህት ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋን አራባን፣ በካቴና አስረዋታል፤ ምክንያታቸው ከእሳቸው ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ናት የሚል ነው። ድሃ ከተገኘ ምርመራው አበቃ ማለት ነው። ኢንስፔክተሯ ይህን ስንፍና ሃያ ዓመት አይታው ልትለምደው አልቻለችም።

«ፍቱላት» አለች።

«ማዳም፣ አለቃ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቅረብ ብለዋል» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። ፍቱላት።»

አራባ ገበያ ውላ ስትመለስ አጎቷን ሞተው እንዳገኘቻቸው ተናገረች፤ ምስክር ግን የላትም። ሐኪሙ ደግሞ ኤግያ ከወደቁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይተነፍሱ እንደነበር ነገራት። ሆስፒታሉ ከቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ኢንስፔክተሯ ማጫወቻው ላይ አጎነበሰች። ሸክላ የሚቀመጥበት ጎማ ዳር ዳሩን የደም ፍንጣሪ አለበት፤ መሐሉ ግን የትንሽ ሸክላ ስፋት ያህል ንጹሕ ነው።

ወደ ቤቱ የሚመላለሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የመዘምራን መሪው ታንዶ እያለቀሰ ሁሉንም ነገራት። ኤግያ የባቡር ሠራተኞች መዘምራን ከአርባ ዓመት በፊት ያስቀረጿትን ሸክላ ለሬዲዮ ሊሰጡ ነበር። ከእሷ ሌላ የቀረችው አንዲት ቅጂ ብቻ ናት፤ እሷም ያለችው ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው ሸክላ ሲለቅሙ በኖሩት በሚስተር ኩዌይሰን እጅ ነው።

ኩዌይሰን ቀኑን ሙሉ ከቤቴ አልወጣሁም አሏት። «ለሬዲዮ!» አሉ በንቀት። «ታክሲ ነጂ ሁሉ እንዲያፏጫት?»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራባ፣ ታንዶና ኩዌይሰን በዚያው በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ጎረቤቱ በረንዳውን ሞልቶታል። ኢንስፔክተሯ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሸክላ ሰጥታ ወደ ልባሱ፣ ውስጡ ወረቀት ውጪው ካርቶን ወደሆነው ከረጢት፣ መልሱልኝ አለቻቸው። አራባ ሸክላውን ሆዷ ላይ አስደግፋ በአውራ ጣቷ ተጭና አስገባችው። «አትንኪ ተብዬ ነው የኖርኩት፤ ብሰብረው የለሁበትም» አለች። ታንዶ የወረቀቱንና የካርቶኑን አፍ ለአፍ አድርጎ ከተተው። ኩዌይሰን ግን ጠርዙን በመዳፋቸው ይዘው እፍ አሉበት፤ ከዚያም የውስጡን ወረቀት አፉን ወደ ላይ አዙረው አስገቡት።

«ለምን አዞሩት?» አለቻቸው።

«አቧራ እንዳይገባ ነዋ፣ ልጄ። በዚህ በደረቅ ነፋስ ጊዜ ሸክላ እንደ ሕፃን ነው የሚያዘው።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች። «ደሙ ሲፈናጠቅ ማጫወቻው ላይ ትንሽ ሸክላ ነበረች፤ ጎማው መሐሉ የዳነው በእሷ ነው። እኛ ስንደርስ ግን የባቡር ሠራተኞቹ ሸክላ ተጠርጋ መደርደሪያ ላይ ነበረች። ወረቀቷ አፉ ወደ ላይ ዞሯል፤ ውስጡም ደም ነክቶታል። ስለዚህ ያነሳት ሰው ያነሳት ኤግያ ከወደቁ በኋላ ነው። ሌባ ቢሆን ይዟት ይሄድ ነበር። አራባ ብትሆን ትታት ትጮህ ነበር። ታንዶም እንዴት እንደሚያስቀምጥ አይታችኋል።»

«ይህ ልማድ እንጂ ማስረጃ አይደለም» አሉ ኩዌይሰን። «ኤሲልፊም እንዲሁ ነበር የሚያስቀምጠው።»

«ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ተነሥተው አላስቀመጧትም። ለሬዲዮ አትስጥ ብለው ተጣሏቸው፤ ገፈተሯቸው። ግፊያው የንዴት ነው ልበል፤ ንዴትን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላውቀውም።»

ታንዶ ሸክላዋ አሁንም ለገና ትደርስ እንደሆነ በዝግታ ጠየቃት። ማስረጃ ሆናለች፣ ከፖሊስ መጋዘን ገብቶ የወጣ ነገር አላየሁም አለችው። አራባ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ነጻ ወጥተሻል ቢሏትም ቀና አላለችም።

ኩዌይሰን ኮፍያቸውን አንሥተው ወደ በሩ ዞሩ። በረንዳ ላይ ያለው ሰው አላሳለፋቸውም።

«ሚስተር ኩዌይሰን፣ ከጠበቃዎ በፊት ለዚህ ሰፈር ይመልሱ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሸክላዋን ሲጠርጉ፣ ኤግያ እግርዎ ሥር ሲያቃስቱ ይሰሙ ነበር ወይስ አልሰሙም?»