ማሽኑ አያያትም

«ይቺ የልጅ መጫወቻ ናት» አለ ሽማግሌው።

ሽጉጧን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ የሞተች አይጥ ይመስል ከፊቱ አራቃት። የፍሪጅ መጠገኛው ጓዳ በዘይት ሽታ ታፍኗል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ሽጉጧን ያመጣለት ሰው የምስጢር ስሙ መርፌ ነው። «መርፌ» የሚለውን ስም የሚያውቁት በስለላው መሥሪያ ቤት ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። እዚህ «ጠጋኙ» ይሉታል። የተሰበረ መሣሪያ የሚጠግን፣ ያልተሰበረውን ከየትም ፈልጎ የሚያመጣ፣ ብዙ የማያወራ ሰው። እንዲህ ሆኖ መኖር ከጀመረ ከርሟል። አንዳንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነቃ የትኛው ሰው እንደሆነ እስኪያስታውስ ትንሽ ይቆያል።

«መጫወቻ አይደለችም ጋሼ» አለ። «እጀታዋና አካሏ ፕላስቲክ ነው። ላብ አያዝጋትም፣ ወገብ ላይ አትከብድም። ጥይት ደግሞ የእርስዎዋን እጥፍ ትጎርሳለች።»

የሽማግሌው የራሱ ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሙሉ ብረት ነው፤ እንደ መዶሻ ይከብዳል።

«የኔዋ ስትተኩስ እጅ ውስጥ ቁጭ ትላለች። ይቺ ቀላል ናት፣ ትዘላለች። ስትሰነጠቅስ? ብረት ይበየዳል። ፕላስቲክ በምን ይበየዳል?»

«አይበየድም።»

«መቆለፊያዋስ የታለ?»

«በጣት የሚከፈት መቆለፊያ የላትም። ምላጩን ካልነኩ አትተኩስም። ከነኩ ትተኩሳለች።»

«ሱሪዬ ውስጥ ሳለች ብትነካስ? በስተርጅና መቀመጫ ልጣ?»

ከፍሪጆቹ መሀል ሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ነው። በበር በጎኑ ካልሆነ የማይገባ ግዙፍ ስለሆነ «ትንሹ» ይሉታል።

ሽማግሌው ግን አልሳቀም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ዘመናዊ ነው ስላሉ እኔስ ለምን ልታነቅ?»

መርፌ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር።

«ማሽኑ አያያትም።»



ውሸት ነው። የሽጉጧ አፈሙዝም ላይኛው ክፍሏም ጥርት ያለ ብረት ነው፤ የትኛውም የፍተሻ በር ይጮህባታል። ግን ፕላስቲክ ሽጉጥ ሲባል ብዙ ሰው በማሽን አትታይም ብሎ ያምናል። በስልክ «አክስቴ» እያለ የሚጠራት አለቃው ወጥመዱን የዘረጋችው ይህንኑ ተማምና ነው።

የሽማግሌው ታናሽ ወንድም ታስሯል። ሆስፒታል ገብቶ አንድ በሽተኛ አልጋው ላይ ሲገድል በዓይኗ ያየች ነርስ አለች። በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀርባ ልትመሰክር ነው። ሽማግሌው ከዚያ በፊት ሊያስገድላት ይፈልጋል። ሽጉጥ ይዞ የሚገባው ሰው በሩ ላይ እጅ ከፍንጅ ቢያዝ፣ ላኪውም አብሮ ይያዛል። የአለቃው ዕቅድ ይኸው ነበር።

«አንተ ካልክ እሺ» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ትንሹ ይዞ ይገባል። ውስጥ ለሚጠብቅ ሰው አቀብሎ ይውጣ።»

 ሌላ ማንም ቢሆን መርፌ ግድ አልነበረውም።

አንድ ጊዜ ትኩሳት ጥሎት ሲቃዥ ውሃ እያጠጣ አጠገቡ ያደረው ትንሹ ነው። በኋላ በጆሮው «ስትቃዥ የማላውቀው ስም ጠርተሃል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም» ብሎታል። ከዚያ ቀን ወዲህ የትንሹ ሚስት ወንድሜ ትለዋለች። ሳይመጣ ከዋለ ደውላ ታኮርፋለች።

ከጓዳው እንደወጣ ከመንገድ ዳር ደወለ።

«አክስቴ፣ ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ሾፌሩ ነው። ተላላኪ ብቻ ነው።»

«እንግዳ ሲመጣ እንቀበላለን» አለች።

«በሩ ላይ ያሉት ልጆች ይነገራቸው። እንዳይጎዱት።»

«እኔ አለሁልህ። አንተ ብቻ ሥራህን ሥራ።»

ጠዋት መርፌና ትንሹ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት መኪና አቆሙ፤ ሽማግሌው አብሯቸው የለም። ሽጉጧን ሽማግሌው ራሱ ጥይት አጉርሶ ለትንሹ እንደሰጠው ለመርፌ ተነግሮታል። ትንሹ ሲወርድ ሽጉጧ ሸሚዙ ሥር ተንሸራተተች።

«አስተካክልልኝማ ወንድሜ። ይሄ ቦርጭ ለቀበቶ ቦታ አልተወ።»

መርፌ ከኋላው ሆኖ እጀታዋን ያዘ። ትንሽ መዘዛት።

እጁ ወዲያው አወቀ።

ጥይት የጎረሰች ፕላስቲክ ሽጉጥ ክብደቷ መዳፍ ውስጥ ያርፋል። ይቺ ግን አፈሙዟ ወደታች ደፋ አለ። ቀለለች። የብረቷ ሽጉጥ ብትሆን ልዩነቱ እንዲህ ባልታወቀ ነበር።

ባዶ ናት።

ገዳይ የሚጠብቃትን ሽጉጥ ማን ባዶ ይልካል? መተኮሷን የማይፈልግ ሰው። የማሽኑን መጮህ ብቻ የሚፈልግ ሰው።

ሽማግሌው ያውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያን ሁሉ ጥያቄ ሲያዥጎደጉድ ማሽኑ እንደሚያያት ልቡናው ያውቃል። የፊቱ በር ሲታወክ ጠባቂዎቹ ነርሷን በጓሮ በር ያስወጧታል። ሽማግሌውም እዚያ አድፍጦ የሚጠብቃት መሆን አለበት።

መርፌ የትንሹን ክንድ ይዞ መመለስ ይችል ነበር። ከመለሰው ማሽኑ አይጮህም፤ ሽማግሌውም ካደባበት ተነስቶ ይሄዳል። ጠጋኙ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ነርሷ ዛሬ ባትሞት ሌላ ቀን ትሞታለች። ትንሹን ከለቀቀው ደግሞ በሩ ላይ ይይዙታል፤ ይታሰራል፤ በሕይወት ይኖራል። አክስቴ አለሁልህ ብላለች።

«ማሽኑ ከጮኸ እጅህን አንሳ» የሚል ቃል አፉ ላይ ደረሰ። ያን ከተናገረ ውሸቱ ተገለጠ። ዋጠው።

«ጥሩ ናት?» አለ ትንሹ።

«ጥሩ ናት። ሂድ።»

ትንሹ በዚያ ግዙፍ አካሉ እየተወዛወዘ መንገዱን ተሻገረ። መርፌ መታጠፊያው እስኪጋርደው በእርጋታ ተራመደ። ከዚያ ሮጠ።

የጓሮው መንገድ ጠባብ ነው። የቆሻሻ በርሜሎች ተደርድረዋል። ሽማግሌው ከአንዱ አጠገብ ጋዜጣ ይዞ ቆሟል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚጠብቅ አባት ይመስላል። መርፌ ከኋላው ግድግዳውን ተጠጋ።

ከወዲያ ማሽኑ ጮኸ።

ጩኸት። ግርግር። ቀጥሎ ተኩስ።

ባዶ ሽጉጥ አይተኩስም።

 የጓሮው የብረት በር ተከፍቶ፣ ሁለት ጠባቂዎች አንዲት ቀጭን ሴት መሀል አድርገው ወጡ። ሽማግሌው ጋዜጣውን ጣለ። ሽጉጡን መዘዘ። አውራ ጣቱ መቆለፊያውን ፈለገ።

መርፌ የሚከፍተው መቆለፊያ አልነበረውም። ከወገቡ የፕላስቲኳን መንታ እህት መዝዞ ተኮሰ።

ሽማግሌው ትከሻውን ተመታ። መርፌ ዳግም ምላጩን ሳበ። ዝም። ትንሹን እያሰበ እጁ ላልቶ ነበር፤ እንዲህ ያለች ቀላል ሽጉጥ ደግሞ የላላ እጅ አትወድም። ቀለሃው አልወጣም፣ ነክሳዋለች።

ሽማግሌው ዞረ። ሁለቱ ተያዩ።

«ጠጋኙ» አለ፣ ቅር እንዳለው ዘመድ።

ከባዱን ሽጉጥ ሊያነሳው ሞከረ። የተመታው ትከሻ ያን ሁሉ ብረት መሸከም አቃተው። አፈሙዙ ዘቀጠ። ጥይቱ አስፋልቱን ፈልጦ አለፈ፣ ጠባቂዎቹም ተረባረቡበት።

ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በሕይወት አለች። ጠባቂዎቹ ሽማግሌውን ሲያስሩ መርፌ ሽጉጧን ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጥሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በቆመ መኪና ውስጥ ከአክስቴ ጋር ተገናኙ።

«መሰከረች» አለች። «ሁሉንም ተናገረች። ሽማግሌውም ይተርፋል፣ ይፈረድበታል። ኮርተንብሃል።»

«ትንሹስ?»

መስኮቱን አየች።

«ለበር ጠባቂዎቹ አልነገርኳቸውም። ወሬው እንዳይሾልክ ነው። ብነግራቸው ሽማግሌው ይደርስበት ነበር።»

«አለሁልህ ብለሽኝ ነበር።»

«ብያለሁ።»

መርፌ ሊጮህ ፈለገ።  እሷን መጥላት ቀላል ነበር፤ ግን «ሂድ» ያለው የራሱ አፍ ነው።

«ምን ብሎ ነው የሞተው?»

«ተወው እስቲ።»

«ንገሪኝ።»

«ማሽኑ ሲጮህ ሳቀ አሉ። ምንም አልፈራም። ‹ቀበቶዬ ነው፣ እዩት› ብሎ ሸሚዙን ገለጠላቸው። እጀታዋን ሲያዩ ተኮሱ።»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። የትንሹ ሚስት ናት።

«እንዳታነሳ» አለች አክስቴ እጇን ዘርግታ። «ጠጋኙ የሚባል ሰው ከእንግዲህ የለም።»

ጠርቶ ቆመ። እንደገና ጠራ። ባሏ ሳይመጣ ሲቀር የምትጠይቀው፣ የምታምነው ሰው እሱ ነው። ስልኩን እየጠራ ለአክስቴ ሰጣት።

አውቶቡሱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። መርፌ በመስኮት በኩል ተቀመጠ። ማልቀሱን ያወቀው አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት መሐረብ ሲዘረጉለት ነው።

«ሰው ሞቶብህ ነው ልጄ?»

«ወንድሜ።»

«እኔን! ስሙ ማን ይባላል?»

አፉን ከፈተ። እውነተኛውን ስም መጥራት አይፈቀድለትም። አንድ ስም ፈጥሮ ነገራቸው፤ እሳቸውም ለዚያ ለሌለ ሰው ከልባቸው አለቀሱለት።