ከአልጋው ሥር ያለው ታንከር

ስህተቱ የተሠራው ዱከም ላይ ነው፤ ተጎታች ቤቷን ሲገዙ ከአልጋው ሥር ያለውን የውሃ ታንከር ከፍተው አላዩም።

ትርሲት ነገር የሚያመልጣት ሴት አልነበረችም። ያን ቀን ግን ቸኩላ ነበር። እሷና ባሏ ልዑልሰገድ ለዓመታት ቱሪስት ያጓጓዙበትን፣ ሥራ ሲጠፋም ራሳቸው የኖሩበትን ትልቁን ቤት-መኪና ሸጠው ገና ሳምንት አልሞላቸውም። መኪናው አውቶቡስ ያህል ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ወጥ ቤትና ቆመው የሚታጠቡበት ሻወር ነበረው፤ አንዱ ሲያኮርፍ የሚሄድበት ቦታ አያጣም። ከዚያ ቱሪስቱ ቀረ፣ መለዋወጫው ጠፋ፣ በመጨረሻም የልዑልሰገድ ኩላሊቶች ጠጠር ሞልተው አንደኛው መግሎ በቀዶ ጥገና ወጣ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ የምትኖረው በቀረችው በአንዷ ነው፤ ውሃ ጠጣ፣ ሳይጠማህም ጠጣ» ያለውን እሱ በአንድ ጆሮው ሰማው፤ ትርሲት ግን እንደ ትእዛዝ ያዘችው። የቀራቸው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ትንሽ ተጎታች ቤት ገዝተው በአሮጌ ፒካፓቸው እየጎተቱ ላንጋኖ ዳር ማቆም፣ ለቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሰዎች ድንኳን ማከራየት፣ እሱም ሳይለፋ እንዲያገግም ማድረግ።

ጋሽ ቱሉ ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡበት ግቢ ውስጥ ሦስት ተጎታቾች ቆመዋል። የመጀመሪያዋ በር ገና ሲከፈት የአይጥ ሽንት አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሁለተኛዋ ወለል ሲረግጡት እንደ እርጥብ ዳቦ ይሰረጉዳል። ሦስተኛዋ ግን ንጹሕ ነበረች። አልጋው፣ ምድጃው፣ የዕቃ ማጠቢያውና ጠረጴዛው ሳይጣበቡ ተሰድረውባታል፤ የግድግዳው ኮምፔርሳቶ ጭረት የለውም፤ ግቢው በሙሉ በዝንብ ተወርሮ እያለ እዚያ ውስጥ አንድ ዝንብ አልነበረም።

«ይቺ ልክሽ ናት አለቃዬ» አለ ልዑልሰገድ ሳይንጠራራ ጣሪያውን በመዳፉ እየነካ። «ስታኮርፊ ግን እኔ ደጅ ማደሬ ነው።»

«እስካሁንስ የት ነበር የምታድረው?»

ጋሽ ቱሉ ሳቁ። ትርሲት ፍራሹን ገለጠች። የታንከሩ ክዳን ዙሪያውን በብሎን ታስሯል፤ የብሎኖቹ አናት ተበልቶ መፍቻ አይይዛቸውም።

«ይሄ ለምንድነው እንዲህ የተጠረቀመው?»

«ውሃ እንዳይፈስ ነዋ፣ የኔ ልጅ። የሚሞላው በውጭ በኩል ባለው አፉ ነው። ክዳኑ ምን ያደርግልሻል?»

«ባለቤቶቹስ ለምን ሸጧት?»

«ባልየው ነው ያመጣት፣ ብቻውን። ቁልፉን እጄ ላይ ጥሎ ሻይ እንኳ ሳልጋብዘው ሄደ።»

ትርሲት ይህን ሰማች፤ ፀሐዩ ግን አናቷን እየበላው ነበር። «ይሁን፣ ይቺን እንውሰድ» አለች።

ላንጋኖ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ግራር አጠገብ ቆሙ። የሐይቁ ውሃ ድፍርስ ስለሆነ አይጠጣም፤ የሚጠጣውን ከድር የሚባል ባለጋሪ ከከተማው ቦኖ በጀሪካን ያመጣላቸዋል። መጀመሪያ ቀን ታንከሩ ጋሪው የጫናቸውን ስድስቱንም ጀሪካን ጠጣ። ውሃው ሲያልቅ እንደገና አስሞሉት፤ አራት ሲገባ ሞልቶ ፈሰሰ። በሚቀጥለው ሦስት ብቻ ያዘ።

«እትዬ፣ ታንከሩ ጠገበ እንዴ?» አለ ከድር የተረፈውን ወደ ጋሪው እየመለሰ።

ትርሲት ተናደደች። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ነው የተማረችው፤ ሦስት ጀሪካን ከስድስቱ ረዝሞ ሊቆይ አይችልም፤ ቆየ ግን። የባሰውም ጣዕሙ ነው። ቦኖው ላይ ጨው ጨው የሚለው ውሃ ታንከሩ ውስጥ ሁለት ቀን ሲያድር ይጣፍጣል፤ ቀኑ የቱንም ያህል ቢያቃጥል ቀዝቃዛ ነው፤ ወፈር ብሎ በጉሮሮ ሲወርድ አንዳች የሚያባብል ነገር አለው። ለልዑልሰገድ ኩላሊት ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል ብላ ከዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ በኩባያ እየቀዳች ታቀርብለታለች።

«ጠጣ እንጂ!»

«እጠጣለሁ፣ አስቀምጪው።»

«አስቀምጪው ብሎ ነገር የለም። ጠጣ።»

«እሺ ኮማንደር» ይልና ኩባያውን ይዞ ወደ ግራሩ ጥላ ይወጣል። ባዶውን ይመልስላታል፤ እሷም ደግማ ትቀዳለች።

ከዚያ ጠረኑ መጣ። ትልቁ መኪና ውስጥ ቢሆን ኖሮ መስኮት ከፍታ ሌላኛው ክፍል ትገባ ነበር፤ እዚህ ግን አልጋው፣ ምድጃውና አፍንጫዋ አንድ ቦታ ናቸው። ጠረኑ በሙቀት የከረመ፣ ታጥቦ ያላለቀ የጨጓራ ሽታ ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭነት ነበረው። ትርሲት ወለሉን በበረኪና ፈገፈገች፤ መጋረጃውን ቀቀለች፤ የዕቃ ማጠቢያውን ቱቦ ነቅላ ጠረገች። ሽታው የቤቱ አልነበረም። አልጋው ውስጥ ነው ያለው። አንድ ጠዋት ትራሱን ስትገለብጥ ቀንድ አውጣ የሄደበት የሚመስል፣ ደርቆ የሚያብረቀርቅ ልጋግ ከትራሱ እስከ አንሶላው መሐል ተሰምሮ አገኘች። በጥፍሯ ስትጭረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ጣቷ ላይ ተለጠፈ። ከኩባያው ከንፈርም ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ስትስበው ይረዝማል እንጂ አይበጠስም።

ባሏን መጥላት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው፤ በጥላቻዋም ታፍራለች። ታማሚ ነው፣ አንድ ኩላሊት ነው ያለው፣ ላቡ ቢከረፋ ምን ይደንቃል? ይሁን እንጂ ምሳ ሲበሉ ዝንቦች የእሱን ሳህን ወርረው የእሷ ሳህን አጠገብ ሳይደርሱ ስታይ፣ ውስጡ እየበሰበሰ እንደሆነ እርግጠኛ ሆነች፤ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰች። እሱም የሸሸ መሰለ። ደጅ ይበላል፣ ደጅ ይቀመጣል፣ ስታናግረው ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። ሙቀቱን ሰበብ አድርጎም ፒካፑ ውስጥ ማደር ከጀመረ ሰንብቷል። ሽታው ገብቶት አፍሮ ነው ብላ ተወችው።

አንድ ከሰዓት ልዑልሰገድ ለምርመራ ሻሸመኔ ሄዶ ሳለ፣ ከድር ሊሞላ መጥቶ አንድ ጀሪካን እንኳ አልገባ አለው። ከድር ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ትርሲት ተጎታቿ ጎን ተንበርክካ የታንከሩን አፍ ከፈተች፤ የስልኳን መብራት አስገብታ በአንድ ዓይኗ አጮለቀች።

ያየችው ውሃ አልነበረም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ፣ እጥፍጥፍ ያለ፣ ነጣ ያለ ሥጋ ነበር፤ ውሃው በየእጥፋቱ መሐል ጥቂት ጥቂት ብልጭ ይላል። መብራቱ ሲያርፍበት አልደነገጠም። የተኛ ሰው ብርድ ልብሱን እንደሚስብ፣ አንዱን እጥፋት በሌላው ላይ ቀስ አድርጎ ሳበ።

ትርሲት ጎማው ሥር አስመለሰች። ምሳ ከበላች ብዙም አልቆየችም ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ገባች፤ ልቧ እንዲረጋም ከቧንቧው አንድ ኩባያ ቀድታ ጠጣች፤ ከዚያ ሌላ ደገመች።

ለልዑልሰገድ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ተመልሳ የታንከሩን አፍ በጨርቅ ወትፋ በገመድ አሰረችው። ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ቁጭ ብላ የድንኳኖቹ ሸራ በነፋስ ሲርገበገብ እያዳመጠች፣ በየመሐሉ እየጠጣች አመሸች፤ ሲነጋም ቧንቧው ደርቆ ነበር። ከድር ከነጋሪው ሲመጣ ምንም ሳትለው ገመዱን ፈታች። ታንከሩ ስድስቱንም ጀሪካን ዋጠ፤ ዋጠና ገና ይጎድለው ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካው? ከአህያዬ ባሰ እኮ!»

እሱ ሲሄድ አጎንብሳ አየች። ንጹሕ ውሃ፣ ከሥሩም እንደታጠበ ሳህን የነጣ ወለል። ምንም የለም። ጨርቁም ገመዱም እንደታሰሩ ነው ያደሩት፤ ክዳኑ አልተነካም። የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ በቧንቧው፣ በኩባያ በኩባያ። እሷ ነች የቀዳችው። እሷ ነች «ጠጣ» ያለችው።

ልዑልሰገድ ከቀትር በኋላ ተመለሰ። መሐረብ አፍንጫው ላይ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«ምርመራው ምን አለ?» አለችው።

«ደህና ነኝ። ኩላሊቷ ደህና ናት አሉ።»

«ደህና አይደለህም። ስማኝ ልዑል፣ አትደንግጥ። ታንከሩ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። በዓይኔ አየሁት። አሁን የለም፣ አንተ ውስጥ ገብቷል፤ ተነስ አሁኑኑ አዲስ አበባ እንሂድ።»

«ትርሲትዬ» አለ ባሏ፤ ድምፁ ለሕፃን እንደሚያወሩት ሆኖ ነበር። «እኔ ከዚህ ቧንቧ ጠጥቼ አላውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ይሸተኝ ነበር። እንዳትቆጪ ብዬ የሰጠሽኝን ሁሉ ግራሩ ሥር ነው የምደፋው። የምጠጣው የታሸገ ውሃ ነው፣ መኪናው ውስጥ አለልኝ።»

«አትቀልድ። ታዲያ ውሃውን ማን ጨረሰው?»

ልዑልሰገድ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ባዶ ኩባያ ላከ።

«ትራሱንስ? ያንን ልጋግ ሁሉ ማን አመጣው? ያኔ አጠገቤ የተኛኸው አንተ አልነበርክም?»

«መኪናው ውስጥ ማደር ከጀመርኩ ከወር በላይ ሆነኝ።»

ትርሲት ልትስቅ አፏን ከፈተች። ልዑልሰገድ አንገቷን ዓይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እጇን ወደ ጉሮሮዋ ላከች፤ ቆዳዋ ሥር አንዱ እጥፋት በሌላው ላይ ቀስ ብሎ ሲሳብ በጣቶቿ ተሰማት። የሚገርመው ነገር፣ አላመማትም።

«ሐኪም ይዤ እመጣለሁ» አለ፤ ዕንባው በመሐረቡ ላይ ይወርዳል። «አለቃዬ፣ በእናትሽ፣ እስክመለስ ድረስ ከዚያ ውሃ እንዳትጠጪ። እሺ በይኝ።»

«እሺ» ልትለው ፈልጋ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን የውሃ ድምፅ ሆነ።

ልዑልሰገድ የበሩን እጀታ ሳበ፤ ብርሃኑ ጠቦ፣ ቀጥኖ ጠፋ፤ ጓጉንቸሩ ከውጭ ቀጭ አለ፤ በሩ ሲዘጋ በእሷ አፍ በእፎይታ ረጅም ትንፋሽ የተነፈሰው ግን እሷ አልነበረችም።